ኤንስኼዴን በአሮጌ ካርታ እንዴት መጎብኘት ይቻላል

የኔዘርላንዷን ከተማ ኤንስኼዴን ብዙ አበሻ የሚያውቃት አይቲሲ በተባለው ትምህርት ቤት ነው። ካርታና የሳተላይት ምስል ለመማር ከኢትዮጵያ ስንቱ መጥቷል! እኔም በዚያው በር ገብቼ እዚሁ ቀረሁ። እንግዳ ሲመጣ የማዞርበትን መንገድ ላካፍላችሁ። ቀኖቹም ዓመቶቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ግንቦት ስል ሜይ ማለቴ ነው።

መጀመሪያ ስልካችሁ ላይ ቶፖቴይድሬይስ የተባለውን የኔዘርላንድ ካዳስተር (የመሬት ምዝገባ መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ ክፈቱ። በነፃ ነው። የዓመቱን መስመር ወደ ኋላ ስትጎትቱት የቆማችሁበት ቦታ ድሮ ምን እንደነበር ያሳያችኋል። ያለ እሱ ይህ ከተማ አይገባችሁም፤ ዋናው ነገር፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ ፈርሷላ!

ብስክሌት ተከራዩና መሀል ከተማ ካለው አደባባይ፣ ከአውደ ማርክት ጀምሩ። ግንቦት 7 ቀን 1862 የተነሳ እሳት መሀል ከተማውን ከሞላ ጎደል አውድሞታል። ስለዚህ እዚህ በጣም አሮጌ ቤት አትጠብቁ። ቡና ጠጡና ቀጥሉ።

ቀጥሎ ቫን ሄክ አደባባይ። ማክሰኞ ወይም ቅዳሜ ብትመጡ ገበያ ነው፤ ዓሣው፣ አይቡ፣ አበባው። አሁን ካርታውን ወደ 1930ዎቹ መልሱት። አደባባዩ የለም! ቦታው የቫን ሄክ የጥጥ ፋብሪካ ነው። ይህ ሁሉ ከየት መጣ ካላችሁ፣ ቤልጂየም በ1830 ከኔዘርላንድ ስትገነጠል፣ ያኔ የደች ቅኝ ለነበረችው ለጃቫ (የዛሬዋ ኢንዶኔዥያ) ገበያ አቡጀዲ የምታቀርበው የጌንት ከተማ አብራ ሄደች። የደች ንግድ ኩባንያ ሌላ ሸማኔ ፈለገ። በዚህ አካባቢ ገበሬው ድሮም ቤቱ ይሸምን ነበር። በ1833 ቶማስ ኤንስዎርዝ የተባለ እንግሊዛዊ እዚሁ አቅራቢያ ኾር ላይ ትምህርት ቤት ከፍቶ አዲሱን መወርወሪያ አስተማረ። የእኛ ሸማኔ መወርወሪያውን በእጁ ከግራ ወደ ቀኝ ያቀብላል። ይሄኛው ግን ገመዱ ሳብ ሲደረግ ራሱ ይፈተለካል፤ አንድ እጅ ይበቃዋል። ከዚያ እንፋሎት መጣ፣ ፋብሪካው በዛ። ኢንዶኔዥያ ነፃ ስትወጣ ትልቁ ገበያ ሄደ፤ ርካሽ ጨርቅ ከውጭ ሲገባ ደግሞ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ፋብሪካዎቹ ተራ በተራ ተዘጉ።

ከዚያ በሃክስበርገር ጎዳና ወደ ያኒንክ። በ1900 የተሠራ የፈትል ፋብሪካ ነው፤ ንድፉ ከእንግሊዟ ኦልድሃም የመጣ። መስኮቶቹን እዩዋቸው፤ ግድግዳውን ሊውጡት ምንም አልቀራቸው። ዛሬ ሰው ይኖርበታል። ጎኑ ያለው ፓትሞስ ሰፈር ከ1914 ጀምሮ ለሠራተኞች የተሠራ ነው። ጠመዝማዛ መንገድ፣ ትንንሽ ጓሮ፣ ያምራል። ግን በውበቱ ብቻ አትሸወዱ፤ ደሞዝ ይቀነሳል ሲባል እነዚሁ ሠራተኞች በ1923 እና 24 ረጅም አድማ መትተዋል። ፎልክስፓርክን ስታልፉ በዓይናችሁ ቃኙት፣ ይበቃል።

የሩምቤክን ሰፈር ግን በጥድፊያ አትለፉት። ግንቦት 13 ቀን 2000 እዚህ የርችት መጋዘን ፈንድቶ 23 ሰው ሞቷል፤ አራቱ እሳት አጥፊዎች ነበሩ። በአጠገቡ የነበረው የሮዘንዳል ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተጎዳ፤ አሁን ሙዚየም ሆኗል፣ ዴ ሙዚየምፋብሪክ። ሰፈሩ ከሞላ ጎደል አዲስ ነው። እዚህ የ1990ን ካርታ ከዛሬው ጋር አስተያዩ። ነዋሪ ብታገኙ ስለዚያ ቀን እናንተ ቀድማችሁ አትጠይቁ።

ሁለተኛ ቀን ካላችሁ ጀርመን ድንበር አጠገብ ወዳለችው ኽላነ ሂዱ። የሶርያ ኦርቶዶክስ የማር ኤፍሬም ገዳም አለ። ከቱርክ፣ ከቱር አብዲን የመጡ ክርስቲያኖች በዚህ አካባቢ ብዙ ናቸው፤ ቀድመው ከመጡት ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የገቡ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያናቸው ከእኛ ተዋሕዶ ጋር በእምነት አንድ ስለሆነ እንግድነት አይሰማችሁም። ነጠላ ያዙ፤ እሑድ ከሆነ ቅዳሴው እንዳያመልጣችሁ በማለዳ ተነሱ። የእሑድ አውቶቡስ ላይ ብዙ አትመኩ፣ በብስክሌት ይደረሳል።