የአሮጌዋን ማዝዳ ኤምኤክስ-5 የኋላ ጎማ ብሎኖች መቀየር

በ1989 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበችው የመጀመሪያዋ ትውልድ ማዝዳ ኤምኤክስ-5፣ በተለይ ክረምት ሲገባ መንገድ ላይ ጨው በሚበተንባቸው አገሮች የኖረች ከሆነ፣ ዳዶዎቿ ዝገው ሲፈቱ ብሎኑን ይዘው መሰበራቸው የተለመደ ነው። ብሎኑ ርካሽ ነው፤ የሚያስከፍለው ከጀርባው ያለው ኩሽኔታ (ጎማው የሚዞርበት ባለ ኳስ ክፍል) ነው። ስለዚህ በዚህ ሥራ ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ የሚገባው መዶሻ ላይ ነው።

የሚገዛው ብሎን ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር፣ የጥርሱ ርቀት 1.5 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። በአንድ ጎማ ላይ ያሉት አራት ብቻ ስለሆኑ አንዱ ሲሰበር ሦስቱ የእሱንም ጫና ተሸክመዋል፤ እኔ አራቱንም አብሬ እቀይራለሁ።

የፊት ጎማዎችን በታኮ ካገዱ በኋላ የኋላውን በክሪክ አንስተው በጠንካራ መደገፊያ ላይ ያሳርፉ፣ ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁና ማርሹን ዜሮ ላይ ያድርጉ፤ አለዚያ ሞዞው (ብሎኖቹ የተተከሉበት፣ ጎማው የሚታሰርበት ማዕከል) አይዞርም። የኋላው ካሊፐር (ዲስኩን በሸራ ጨምቆ የሚያቆመው የፍሬን ክፍል) ፒስተን ተገፍቶ ብቻ አይመለስም። ከጀርባው ያለችውን የ14 ቁልፍ ብሎን ፈትተው ውስጥ ያለውን ማስተካከያ በ4 ሚሊ ሜትር አለን ቁልፍ ወደ ግራ ሲያዞሩት ሸራው ዲስኩን ይለቃል። ካሊፐሩን ከነመያዣው ያውጡና በሽቦ ያንጠልጥሉት፤ በፍሬን ቱቦው ላይ ፈጽሞ አይንጠልጠል። ከዚያ ዲስኩን ያውጡ፤ ዲስኩ ወጥቶ ሳለም የእጅ ፍሬኑን ማንም እንዳይስብ ያስጠንቅቁ።

አሁን ሞዞውን እያዞሩ ከብሎኑ ራስ በስተጀርባ ሰፊ ክፍተት ያለበትን ቦታ ይፈልጉ። የዲስኩ መከላከያ ቆርቆሮ ካገደ በጥቂቱ ማጠፍ ይቻላል። አሮጌውን ብሎን በመጫኛ መሣሪያ ገፍቶ ማውጣት ይመረጣል፤ በመዶሻ ሲመታ ምቱ በቀጥታ ወደ ኩሽኔታው ኳሶች ስለሚሄድ በተቀመጡበት መንገድ ላይ ጠባሳ ይተዋል፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላም መጮኽ ይጀምራል።

አዲሱን ብሎን ከጀርባ አስገብተው ከራሱ ሥር ያሉት ሸንተረሮች ከቀዳዳው ጋር እስኪገጥሙ ያስተካክሉ። ከፊት ወፍራም ሮንዴላዎችን ደርድረው በመካከላቸው ግራሶ ይቀቡ፤ ከዚያ ለዚህ ብቻ የተመደበ አሮጌ ዳዶ ጠፍጣፋ ጎኑን ወደ ሮንዴላው አዙረው በእጅ ቁልፍ ቀስ በቀስ ይሳቡት። በአየር ወይም በባትሪ በሚሠራ መፍቻ መሳብ የብሎኑን ጥርስ ሊጨርስ ይችላል። የኋላ ሞዞ በማርሽ ብቻ ጸንቶ ስለማይቆም በሌሎቹ ሁለት ብሎኖች ላይ ዳዶ አስገብተው በመካከላቸው ረጅም ብረት ያስገቡና ይያዙት። ቁልፉ በድንገት ሲከብድ ከጀርባ በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ፤ የብሎኑ ራስ ከሞዞው ጋር ምንም ክፍተት ሳይኖረው መግጠም አለበት።

ጥርሱ ላይ ግራሶ ከነካ ይጥረጉት፤ የፋብሪካው የማጥበቂያ ልክ ለደረቅ ጥርስ የተሰጠ ስለሆነ ቅባት ካለበት በዚያው ልክ ብሎኑ ከሚገባው በላይ ይወጠራል። ካሊፐሩን ሲመልሱ ማስተካከያውን ሸራው ዲስኩን እስኪነካ ወደ ቀኝ አዙረው አንድ ሦስተኛ ዙር ይመልሱት። ቸርኬው የሚያርፍበትን ገጽ ከዝገት አጽድተው ዳዶዎቹን ፊት ለፊት በሚተያዩት ቅደም ተከተል፣ በሁለት ዙር፣ ከ88 እስከ 118 ኒውተን ሜትር በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ልክ በሚለካ ቁልፍ) ያጥብቁ።

ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ደግመው ይፈትሹ። አንዱ ዳዶ ጥቂት ቢዞር ብሎኑ ገና እየገባ ነበር ማለት ሊሆን ይችላል፤ ያጥብቁትና ከሌላ 100 ኪሎ ሜትር በኋላ ይመልከቱት። ያው ዳዶ ዳግመኛ ከዞረ ግን ጎማውን አውርደው የዚያን ብሎን ራስ ከጀርባ ሳያዩ አይንዱ።