ከሳንባ በመርፌ ናሙና ሲወሰድ አየር ወደ ደም ሥር እንዳይገባ፣ ከገባም ምን እንደሚደረግ

በሲቲ ስካን እየታገዘ ከሳንባ በመርፌ ናሙና ሲወሰድ ክፍሉ ዘወትር የሚዘጋጀው ለኒሞቶራክስ (አየር በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል ሲገባ) እና ለደም መትፋት ነው። አየር በሳንባ ደም መልስ በኩል ወደ ግራው ልብ ገብቶ ወደ አንጎል ወይም ወደ ልብ ደም ቅዳዎች የሚሄድበት የአየር ኤምቦሊዝም ግን ምልክት እስከማሳየት የሚደርሰው ከ1,000 ታካሚዎች በአንዱ ገደማ ወይም ከዚያ ባነሱት ላይ በመሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ሲከሰት ግን በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል።

መከላከሉ ከመርፌው አፍ ይጀምራል። የመርፌው ጫፍ ደም መልስ ውስጥ ካረፈና የውስጥ ዘንጉ ከወጣ፣ ታካሚው ወደ ውስጥ ሲተነፍስ የደም ሥሩ ግፊት ከውጭው አየር ግፊት በታች ሊወርድ ስለሚችል አየር በመርፌው በኩል ይሳባል፤ ሲያስል ደግሞ በአየር ቧንቧው ውስጥ ያለው አየር መርፌው በቀደደው መንገድ ወደ ደም ሥሩ ሊገፋ ይችላል። ስለዚህ ዘንጉን ትንፋሽ ተይዞ ሳለ ብቻ ያውጡ፣ ክፍት የቀረውን አፍ ወዲያው በጣት ወይም በሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) ጠብታ ይዝጉ፣ የመርፌውን መስመር ሲመርጡም ከትልልቅ የደም ሥሮች ይራቁ። ሳሉን መቆጣጠር ለማይችል ታካሚ ቀጠሮውን ማዛወር ይሻላል።

ታካሚው በድንገት ራሱን ቢስት፣ ቢንቀጠቀጥ፣ ግማሽ አካሉ ቢዝል፣ ደረቱን ቢያመው ወይም የልብ ምቱ ቢዛባ፣ «ፈርቶ ነው» ብሎ ማለፍ በእኔ እይታ ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው፤ ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ አየር እንደገባ ተቆጥሮ ይታከም። መርፌው ይውጣ፣ 100 በመቶ ኦክስጅን በማስክ ይሰጥ፣ ታካሚውም ተንጋሎ ይተኛ፤ ቀና ብሎ ከተቀመጠ አየሩ ወደ አንጎል ሊወጣ ይችላል። ጭንቅላትን ዝቅ አድርጎ ለረጅም ጊዜ ማቆየትም አይመከርም፣ የአንጎል እብጠትን ሊያባብስ ይችላልና። ከዚያ ከአልጋው ሳይነሳ የደረቱና የጭንቅላቱ ምስል ይወሰድ፤ በግራው ልብ፣ በአኦርታ (ከልብ በሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ) እና በልብ ደም ቅዳዎች ውስጥ አየር ይፈለግ። የአንጎሉ ምስል ንጹሕ ሆኖ መታየቱ ግን አያዘናጋ፣ አየሩ ቶሎ ሊጠፋ ይችላል። ሃይፐርባሪክ ኦክስጅን (ከፍ ያለ ግፊት ባለው ክፍል ውስጥ የሚሰጥ ኦክስጅን) የሚሰጥ ተቋም በአቅራቢያው ካለ ወዲያው ይደወል፤ ከሌለ ኦክስጅኑ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ይቀጥላል።

ስለ ሌሎቹ ብርቅ ጉዳቶች በአጭሩ፦ በደረት ክፍተት ደም የሚጠራቀመው አንዳንዴ ከጎድን አጥንት ሥር የሚሄደው ደም ቅዳ ሲቆረጥ ስለሆነ፣ መርፌው በአጥንቱ የላይ ጠርዝ በኩል ይግባ። ደም በብዛት የሚተፋ ታካሚ ደግሞ ጤነኛው ሳንባ በደም እንዳይሞላ የተወጋውን ጎን ወደ ታች አድርጎ ይተኛ።