የድሮ ጌም ካሴት ላይ እፍ አትበሉ

የጅማ ክረምት ለድሮ ጌም ሰብሳቢ አይመችም፤ እርጥበቱ የካሴቱን ጥርሶች (ማሽኑ ውስጥ የሚሰኩትን የብረት መስመሮች) ያጠቁራል። የ1985ቱ (እ.ኤ.አ.) ኔንቲዶ ጌም ማሽን ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ፣ ውስጡ ያለው የቁልፍ ቺፕ (ካሴቱ ኦሪጅናል መሆኑን የሚያጣራው) ከካሴቱ ጋር መግባባት ስላቃተው ማሽኑን በየሰከንዱ እያስነሳው ነው። እፍ ማለት ምራቅ መጨመር ነው። "ሰራልኝ እኮ" የምትሉት ነቅላችሁ ስለሰካችሁት ነው።

ከፋርማሲ አልኮል ግዙ። የጆሮ ጥጥ ነክራችሁ ጥርሶቹን ፈተግ ፈተግ አድርጉ። ጥጡ ጥቁር ብሎ ይወጣል፣ ጉድ ነው! ጥጡ ነጭ እስኪሆን ቀጥሉ። የፋርማሲው አልኮል ብዙ ጊዜ 70 ፐርሰንት ስለሆነ ውሃ አለው፤ በደንብ ሳይደርቅ እንዳትሰኩት። ፊቱ ላይ የተለጠፈውን ስዕል ግን አታስነኩት፣ ቀለሙ ሊለቅ ይችላል። ካሴቱ ጸድቶም እምቢ ካለ፣ ካሴቱ የሚሰካበትን የማሽኑን ባለ 72 ፒን ሶኬት ጠርጥሩ።