ለደጋን የሚሆን ቀርከሃ
የቀስት ደጋን በእጃችሁ የምትሠሩ፣ በደጋኑ እንጨት ላይ የምትለጥፉትን ቀርከሃ በችኮላ አትግዙ። ቡራዩም ሆነ ሱሉልታ፣ የቀርከሃ ወንበር የሚሠሩ ልጆች ካገኛችሁ ሦስት ዓመት ያለፈውን ጠይቋቸው። ለጋው ሲደርቅ ይጨማደዳል። በበጋ የተቆረጠ ደግሞ ይመረጣል፤ ስታርቹ (ነቀዝ የሚበላው የተክሉ ምግብ) ስለሚቀንስ ነቀዝ ብዙም አይደፍረውም። የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ለመሰንጠቅ ይመቻል፤ የቆላው ውስጡ ድፍን ነው።

ስንጥቁን ጥላ ላይ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ አድርቁት። ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ይሰነጠቃል።

አደራ፣ የምትልጉት ከውስጥ በኩል ብቻ ነው! ጠንካራው ቃጫ ያለው ከውጩ ቆዳ ሥር ነው። ይህ ጎን ዒላማውን እንዲያይ አድርጋችሁ እንጨቱ ላይ ለጥፉት። አንጓውን በስሱ አለስልሱት እንጂ ቃጫውን አትቁረጡ፤ ከተቆረጠ ደጋኑ ሲሳብ እዚያው ላይ ይሰበራል።