የዘር ልዩነትን የተቃወሙ ነጮችን ታሪክ በክበብ ማስተማር

በሐዋሳ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን የታሪክ ክበብ የሚመሩ መምህር ይህን ርዕስ ሲመርጡ፣ አስቀድመው ሰሌዳው ላይ 1954 ብለው ይጻፉ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን በዘር መለየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲል በአንድ ድምፅ የወሰነው በዚያ ዓመት (እ.ኤ.አ.) ነውና። ክሱን የመሠረቱትም ሆነ መከራውን የተሸከሙት ጥቁር ቤተሰቦች መሆናቸውን ሳያስጨብጡ ወደ ነጭ ደጋፊዎች አይለፉ፤ አለዚያ ታሪኩ ባለቤቱን ያጣል።

ቀጥሎ ስም ከመደርደር ይልቅ አንድ ክፍል ውስጥ ይግቡ። በ1960 የ6 ዓመቷ ጥቁር ልጅ ሩቢ ብሪጅስ በፌዴራል ማርሻሎች (የፌዴራል መንግሥት ሕግ አስከባሪዎች) ታጅባ ኒው ኦርሊንስ ወደሚገኘው፣ እስከዚያ ነጮች ብቻ ይማሩበት ወደነበረው ዊልያም ፍራንትዝ ትምህርት ቤት ስትገባ፣ አብዛኞቹ ነጭ ወላጆች ልጆቻቸውን አስወጡ፤ ከቦስተን የመጡት ነጭ መምህርት ባርባራ ሄንሪ ግን በባዶ ወንበሮች መካከል ከሩቢ ጎን ተቀምጠው ዓመቱን እርሷን ብቻ አስተማሩ። ዴስክ ተጋፍተው የሚማሩት ልጆችዎ ያ ባዶ ክፍል ምን እንደሚመስል በጽሑፍ እንዲያስረዱ ያድርጉ፤ ለዚህ ጊዜ አይሰስቱ።

የሳውዝ ካሮላይናውን ነጭ ዳኛ ዌይትስ ዋሪንግን በአጭሩ ማንሳት ይበቃል፤ በ1951 የዘር መለያየት በራሱ እኩልነትን ያፈርሳል ብለው ከሌሎቹ ዳኞች የተለየ ሐሳብ ጻፉ፣ የከተማቸው ነጮችም ስላገለሏቸው ወደ ኒው ዮርክ ሄዱ።

በእኔ ግምት የጦፈ ክርክር የሚያስነሣው በአርካንሳስ ግዛት የሊትል ሮክ ከተማ ሴቶች ኮሚቴ ነው፤ በ1958 ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች አብረው እንዳይማሩ ተብሎ የተዘጉት ትምህርት ቤቶች እንዲከፈቱ ቢታገልም አባላቱ ነጮች ብቻ ነበሩ። ይህ ድጋፍ ነው ወይስ ስልት? ተማሪዎቹን በሁለት ወገን ከፍለው ያከራክሯቸው፤ ፍርዱን እርስዎ አይስጡ።