አሮጌ ሞተር ሳይክል አልሸጥ ሲል፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

የኔዋ ያማሃ ዲቲ 125 ናት። የምትነሳው በእግር ተመትታ ብቻ ነው፤ ቁልፍ ተጭኖ ማስነሳት የሚባል ነገር የላትም። የቀኝ ጉልበቴ ደግሞ ከ4 ዓመት በፊት በቃኝ አለ። ሐኪሙ "ደረጃም ቢሆን ቀስ ብለው ይውጡ" ካለኝ በኋላ ግቢ ውስጥ ሸራ አልብሼ አቆምኳት፣ "ሲሻለኝ እነዳታለሁ" እያልኩም 4 ክረምት አሳለፍኩባት። ልሸጣት ስነሳ አልሸጥ አለች። ገበያው ነው ብዬ ነበር። ለካ ገበያው ንጹሕ ነው።

ከታች ያለው እኔ የገጠመኝና የሰፈር ሰዎች ሲቸገሩበት ያየሁት ነው። የናንተን ምልክት ፈልጉና ከዚያ ጀምሩ።

ዋጋ ስትናገሩ ሰው "እደውላለሁ" ብሎ ይጠፋል

ምክንያቱ፦ የጠራችሁት የትዝታ ዋጋ ነው። ልጆቼን ትምህርት ቤት ያመላለስኩባት፣ አምና ያሠራኋት፣ ቀለም ያስቀባኋት እያላችሁ ትደምራላችሁ። ገዢው ከዚህ ውስጥ አንዱንም አይገዛም። እሱ የሚያስበው ነገ ጠዋት ተነስታ ሥራ ታደርሰኛለች ወይ የሚለውን ነው።

ተቃራኒው ስህተትም አለ፣ እንዲያውም ሽማግሌዎች ላይ ይበዛል። "ድሮ በ12 ሺህ ነው የገዛኋት፣ በ20 ብሸጥ አተረፍኩ" የሚሉ አሉ። ብሩ የድሮው ብር አይደለም። በተለይ ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው መለዋወጫ ሁሉ ዋጋው ሌላ ሆኗል፤ ስለዚህ የተገዛችበትን ዋጋ ወደላይም ወደታችም መነሻ አታድርጉት።

መፍትሄው፦ የናንተው ዓይነት ሞዴል፣ የምትነሳ፣ ቦሎዋ የታደሰ፣ ሊብሬዋ ንጹሕ የሆነች ስንት እንደተሸጠች አጣሩ። ስንት እንደተባለች አይደለም፣ ስንት እንደተሸጠች። መለዋወጫ ሱቅ፣ አንድ መካኒክ እና በቅርቡ የሸጠ ሰው ጠይቁ። ከዚያ የናንተዋን እዚያ ደረጃ ለማድረስ የሚፈጀውን ቀንሱ። ለስሌት ያህል ብቻ (የገበያ ዋጋ ነው ብላችሁ እንዳትይዙኝ) ደህናዋ 100 ሺህ ተሸጣለች እንበል። ሁለት ጎማ ከነከመነዳሪው፣ ካቴና እና ጥገና 22 ሺህ ቢፈጅ፣ የወረቀት ጣጣው 5 ሺህ ቢሆን 73 ቀረ። ገዢው ደግሞ ያላየውን ነገር ይፈራል፤ ለፍርሃቱ 10 ተዉለት። 63 ሺህ ናት ማለት ነው። 68 ብላችሁ ጀምሩ፣ መከራከሪያ ይሁነው። 95 ብላችሁ ከጀመራችሁ ግን መከራከርም አይፈልግም።

አትነሳም

"ስትቆም ደህና ነበረች" አትበሉ። ሁሉም የሚለው እሱን ነው። የሚያበላሻትም ራሱ መቆሟ ነው።

መጀመሪያ ቤንዚኑን አሽትቱት። ከርሞ የኮመጠጠ፣ እንደ ቀለም ማቅጠኛ የሚሸት ከሆነ ሙሉ በሙሉ አፍስሱት፤ አዲስ ጨምሮ መደባለቅ አይሠራም። ካርቡራተሩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ሲተን ሙጫ የመሰለ ነገር ይተዋል፣ እሱ ደግሞ እንደ መርፌ የቀጠኑትን ቀዳዳዎች ይደፍናል። አብዛኛው "ሞተሯ ሞቷል" የተባለ ሞተር ሳይክል በሽታው ይኸው ነው። ካርቡራተሩን አውርዶ ማጠብ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ቀዳዳዎቹን በሽቦ የሚጎረጉር መካኒክ ካያችሁ ዕቃችሁን ቀምታችሁ ሂዱ። በቤንዚንና በአየር ግፊት ነው የሚጸዱት።

ቀጥሎ ካንዴላ፣ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው። ፍቱት፣ ካፑ ላይ ሰክታችሁ ብረቱን ሞተሩ ላይ አስነክታችሁ የእግር መምቻውን ሰው ይምታላችሁ፤ ይህን ስታደርጉ አካባቢው ላይ የፈሰሰ ቤንዚን አይኑር። ሰማያዊ ብልጭታ ካለ ጥሩ። ዲቲ ያለ ባትሪም ስለምትነሳ ባትሪው ሞተ ብላችሁ አትደናገጡ፤ መጀመሪያ ሌላውን ጨርሱ።

የእግር መምቻው ጨርሶ አልወርድ ካለ ፒስቶኑ ተጣብቋል ማለት ሊሆን ይችላል። ጉልበተኛ ልጅ ጠርታችሁ እንዳታስረግጡ። በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት አፍስሱና ሁለት ሦስት ቀን ተዉት። ከዚያ የመጨረሻው ማርሽ ውስጥ አስገብታችሁ የኋላ ጎማውን በእጅ ወደፊት ወደኋላ ቀስ እያላችሁ ወዝውዙ። የኔዋ በሦስተኛው ቀን "ቂጭ" ብላ ለቀቀች፤ ባለቤቴ ከጓዳ እየሮጠች ወጣች፣ የወደቅሁ መስሏት።

ትነሳለች፣ ገዢው ግን ፊቱ ይጠቁራል

ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል።

አንደኛው፣ ሳይመጣ አሙቃችኋታል። የሚያውቅ ገዢ መጀመሪያ የሚያደርገው ሞተሩን በእጁ መንካት ነው፤ ከሞቀ "ሲቀዘቅዝ አይነሳም" ብሎ ይደመድማል። ቀዝቃዛ አቆዩለት፣ ራሱ ይምታ።

ሁለተኛው ጭስ ነው። እንደ ዲቲ ዘይትና ቤንዚን አብረው የሚያቃጥሉት ትንሽ ሰማያዊ ጭስ ቢያጨሱ ወግ ነው። ወፍራም ነጭ ጭስ የማይቆም ከሆነና የማርሽ ዘይቱም ከጎደለ ግን ውስጥ ያለው የዘይት መከልከያ ጎማ ቆማ ደርቃለች ማለት ነው። ይህን አሠርቶ መሸጥ አያዋጣም። ተናገሩና ዋጋ ቀንሱ።

ሦስተኛው ጎማ ነው። ጥርሱ ሙሉ ስለሆነ አዲስ ነው እንዳትሉ። ጎኑ ላይ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አለ፤ 2315 ከሆነ በፈረንጆች 2015 ዓ.ም. 23ኛ ሳምንት የተሠራ ነው። የአሁን ልጆች ይህን ያነባሉ። እኔ አላውቅም ነበር፣ ገዢው ፊት ነው የተማርኩት፣ አፍሬ።

ሰው ይስማማል፣ ወረቀት ሲያይ ይሸሻል

ዋጋ ላይ ከሚፈርሰው ሽያጭ ይልቅ እዚህ ላይ የሚፈርሰው ይበዛል ባይ ነኝ። ሊብሬውን አውጡና የሻንሲ ቁጥሩን ከመሪው አንገት ላይ፣ የሞተር ቁጥሩን ከሞተሩ ጎን ጋር አመሳክሩ። ድሮ ሞተር ቀይራችሁ ሳታስመዘግቡ ከሆነ ቁጥሩ አይገጥምም፤ የገዛችሁበትን ደረሰኝ ይዛችሁ ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ አስተካክሉ። ቦሎ ለዓመታት ካልታደሰ የተጠራቀመውን ክፍያና ቅጣት እዚያው አስሰሉና ቁጥሩን ይዛችሁ ኑ። "ብዙ አይሆንም" የሚል ሻጭ አይታመንም።

ሊብሬው በሟች ስም ከሆነ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልጋል። ባለትዳር ከሆናችሁ የትዳር አጋራችሁ ፊርማ ይጠየቃል። ከድርጅት የተገዛችና በፊት ከቀረጥ ነፃ የገባች ከሆነች ደግሞ ቀረጡ መከፈሉን የሚያሳየውን ወረቀት ፈልጉ፤ እሱ ሳይኖር ስም ማዛወር አይታሰብም።

የአዲስ አበባ ታርጋ ላላችሁ፦ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ጀምሮ ከተማው ሞተር ሳይክል ላይ ገደብ ስለጣለ ገዢያችሁ ብዙ ጊዜ የክልል ሰው ነው የሚሆነው። ፋይሉን ለማዛወር የሚወስደውን ቀን ከወዲሁ ንገሩት።

"ጋሼ፣ ውክልና ይስጡኝና የቀረውን እኔ እጨርሳለሁ"

ልጁ ትሁት ነው፣ ጥሬ ብር ይዟል፣ ጉልበታችሁም ቢሮ ለቢሮ መዞር አይፈልግም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸነፈው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፣ የነዳው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ። ሊብሬው በናንተ ስም እያለ ልጁ ሰው ቢገጭ የሚፈለገው የማን ስም እንደሆነ አስቡት። ውክልናው ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ ይሸጋገራል፤ ሦስተኛውን ገዢ በመልክም አታውቁትም።

መፍትሄው፦ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳችሁ የሽያጭ ውል ተፈራረሙ፣ የተረከበበትን ቀንና ሰዓት ጭምር አስጽፉ፣ አንድ ቅጂ ያዙ። ባጃጅ ተሳፍራችሁም ቢሆን ሂዱ።

ልፈትናት ይላል፤ ከፍያለሁ ይላል፤ ደላላው ይላል

ልፈትናት ያለውን መንጃ ፈቃዱንና የመጣባትን ሞተር ሳይክል ወይም ሙሉውን ብር አስይዛችሁ ልቀቁት። ጎረቤቴ መታወቂያ ብቻ ይዞ ቀረ። መታወቂያውም የሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ።

ክፍያ ላይ ስልኩ ላይ የሚያሳያችሁን ደረሰኝ አትመኑ፣ በቀላሉ ይሠራል። የራሳችሁን ሒሳብ ሳታዩ ቁልፍ አትስጡ።

ደላላ ክፉ አይደለም፣ መራመድ ለማይችል ሰው እንዲያውም ያስፈልጋል። ኮሚሽኑን በመቶኛ ቁረጡ እንጂ "ከዚህ በላይ የሸጥክበት ያንተ" አትበሉት። እንዲያ ያለ ሰው የራሱን ሞተር ሳይክል ትክክለኛ ዋጋ የሚሰማው ከገዢው አፍ ነው፣ ያውም ሻይ ላይ፣ ከወር በኋላ።

ጥገናው ከዋጋዋ በለጠ

በቃ፣ ለመለዋወጫ ሽጡ። ካርቡራተሩ፣ ሞተሩ፣ ጎማ ማቀፊያው ለየብቻ ፈላጊ አላቸው። ሊብሬና ታርጋውን ግን ለማንም አትሽጡ፤ "ወረቀቱን ብቻ እፈልጋለሁ" የሚለው ሰው ወረቀት የሌላት ሞተር ሳይክል ያለችው ነው፣ ከየት እንዳመጣት እሱ ያውቃል። ለትራንስፖርት ቢሮ መልሳችሁ አሰርዙ።

የኔዋን የገዛኝ ገጠር የሚያስተምር ልጅ ነው። ውሉ ላይ ስሙን ሊያዞር ተስማማን፣ ከዋጋው ላይ ጥቂት ብር ይዤ ሊብሬው ሲዞር እንድመልስለትም ራሱ ሐሳብ አመጣ። በ17ኛው ቀን በስሙ የወጣውን ሊብሬ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ፤ ብሩን ያን ዕለት ማታ አስገባሁለት።