አዲሱ ኮምፒውተር እምቢ ሲል፦ ጅማ ላይ ለሙዚቃና ለጌም ለምትገጣጥሙ

ጅማ ላይ ኮምፒውተር ስትገጣጥሙ ዕቃ ተበላሸ ብሎ መመለስ ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ መላክ ማለት ነው። መንገዱ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው። ሱቁ ሞክሮት "ይሠራል እኮ" ካላችሁ ትራንስፖርቱም ጊዜውም ከሰረ። ስለዚህ መጀመሪያ እነዚህን አጣሩ። እንደኔ ግምት ከተጠረጠሩት ዕቃዎች አብዛኞቹ ደህና ናቸው።

ፋኑ ይዞራል፣ ሞኒተሩ ግን ጨለማ ነው

የሞኒተሩ ኬብል ማዘርቦርዱ ላይ ተሰክቶ ይሆናል። ግራፊክስ ካርዱ ላይ ሰኩት። እሱ ካልሆነ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ የሚሰካውን ባለ 8 ፒን የኃይል ገመድ እዩ። ትልቁ ባለ 24 ፒን ብቻውን ፋኑን ስለሚያዞር ሰው ይሸወዳል። ቀጥሎ ራሙን (ጊዜያዊ ማስታወሻውን) ነቅላችሁ ቀጭ እስኪል መልሳችሁ ተጫኑት። ሁለት ራም ካላችሁ በአብዛኞቹ ባለ 4 ማስገቢያ ማዘርቦርዶች ቦታቸው ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር 2ኛውና 4ኛው ነው።

ራሙ ዲዲአር5 የሚባለው አዲሱ ዓይነት ከሆነ መጀመሪያ ሲነሳ ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል። ቡና አፍሉና ጠብቁ። ቶሎ ቶሎ ካጠፋችሁት ራሙን የማስተካከሉ ሥራ ሁሌም ከዜሮ ይጀምራል።

ጌሙ ደህና ነው፣ ሙዚቃው ግን ይቆራረጣል

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሌላ ፕሮሰሰር ሊገዛ ይነሳል። ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ የጉልበት ሳይሆን በጊዜው ያለመድረስ ነው። ኮምፒውተሩ ድምፅን በትንንሽ ቁራጭ እያዘጋጀ ነው የሚያወጣው። በ48 ኪሎኸርዝ፣ በፈሩ (የአንዱ ቁራጭ መጠን) 128 ሳምፕል ከሆነ ለአንዱ ቁራጭ ያለው ጊዜ 2.7 ሚሊሰከንድ ነው። ካልደረሰለት ቀጭ ይላል። ጌም ላይ አንድ ምስል ቢዘገይ ላታዩት ትችላላችሁ። ጆሮ ግን አይምርም።

ስትቀዱ በ128 ሥሩ፤ ፕለጊን (የሙዚቃ ፕሮግራሙ ላይ የሚጨመር ኢፌክት ወይም መሣሪያ) ሲበዛና ሚክስ ስታደርጉ ወደ 512 አውጡት። ያኔ ጊዜው ወደ 10.7 ሚሊሰከንድ ይሰፋል። የኦዲዮ ኢንተርፌሱን (ማይክና ስፒከር የሚሰካበትን የድምፅ ሳጥን) የራሱን አሲዮ ድራይቨር፣ ማለትም ድምፅን ሳያዘገይ የሚያሳልፈውን ሶፍትዌር ጫኑ። የዊንዶውስን የኃይል አጠቃቀም ሃይ ፐርፎርማንስ ላይ አድርጉት። አሁንም ከቆራረጠ ሌተንሲሞን የሚባለውን ፕሮግራም ክፈቱና የትኛው ድራይቨር እንደሚያዘገይ እዩ። ዋይፋይ የታወቀ ተጠርጣሪ ነው፤ ስትቀዱ አጥፉት።

ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ቅንብር) ውስጥ ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የሚባለው የራም ፍጥነት ምርጫ ካልበራ ደግሞ ፍጥነቱ 6000 ነው ብላችሁ የገዛችሁት ራም በ4800 ሊሄድ ይችላል። ማብራቱ ለጌሙም ይጠቅማል።

ስፒከሩ "እምምም" ይላል

የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ ያ ወፍራም ጉምጉምታ ብዙ ጊዜ ከዚያ የመጣ ነው። ማውስ ሲንቀሳቀስ ወይም ጌም ሲከፈት ድምፁ የሚቀያየር ከሆነ ደግሞ ግራውንድ ሉፕ፣ ማለትም ዕቃዎቹ በግራውንድ ሽቦና በድምፅ ኬብል ሲገናኙ የሚፈጠረውን ዙር ጠርጥሩ። ኮምፒውተሩንና ስፒከሮቹን አንድ ዲቫይደር ላይ ሰኩ፤ ኢንተርፌሱ ባላንስድ መውጫ ካለው ባላንስድ ኬብል (ጉምጉምታን የሚቀንስ ኬብል) ተጠቀሙ። የኮምፒውተሩን ሳጥን (ኬዙን) ስትነኩ የሚነዝር ከሆነ የቤቱ ግራውንድ ሽቦ ላይገናኝ ይችላል። ሶኬቱ ላይ የግራውንድ መያዣው አለ ማለት ሽቦው አለ ማለት አይደለም። ይህ የኤሌክትሪሻን ሥራ ነው። ድምፁን ለማጥፋት ብላችሁ የፕለጉን ግራውንድ በፕላስተር መሸፈን ግን በነፍስ መቀለድ ነው።

ጌም መሀል ይንቀረፈፋል ወይም ይጠፋል

ሙቀቱን እዩ። ማቀዝቀዣው ሥር ያለው የፕላስቲክ ሽፋን ሳይላጥ የሚገጠምበት ጊዜ አለ። ከፊት የሚያስገቡና ከኋላ የሚያወጡ ፋኖች አቅጣጫቸው መቀላቀል የለበትም።

ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዝ) አለ፣ መብራት ሲሄድ ግን ኮምፒውተሩ አብሮ ይጠፋል

መጀመሪያ አቅሙ መብቃቱን አረጋግጡ። በቂ ሆኖም ከጠፋ፣ አንዳንድ ዘመናዊ ፓወር ሰፕላዮች ርካሽ ዩፒኤስ ከሚሰጠው ሻካራ ኮረንቲ ጋር አይስማሙም፤ ፒዩር ሳይን ዌቭ የሆነ፣ ማለትም እንደ ግድግዳው መብራት ለስላሳ ኮረንቲ የሚሰጥ ዩፒኤስ ፈልጉ። ስታቢላይዘር ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲሄድ አያድንም። በክረምቱ ነጎድጓድ ሲጀምር ደግሞ ሁለቱንም አትመኑ፤ ከግድግዳው ንቀሉ።